የአባቴን የይለፍ ቃል ይዤ ልግባ ወይ?

ጥያቄ

እትዬ፣ ጤና ይስጥልኝ። አባቴ ሰባ ስምንት ዓመታቸው ነው። ጡረታ ወጥተዋል፤ ከጡረታው ሌላ የሚያከራዩት አንድ ቤት አላቸው። ካቻምና ውክልና ሰጡኝ። ወረቀቱ «ንብረቴን ሁሉ በስሜ ሆና ታስተዳድር» ይላል። ከዚያ ወዲህ ግብራቸውን በኢንተርኔት የምሠራው እኔ ነኝ። የይለፍ ቃላቸውን በማስታወሻ ደብተራቸው ጀርባ ጽፈውልኛል፤ የማረጋገጫ ኮዱ ስልካቸው ላይ ሲገባ እደውልና ያነቡልኛል። አሁን ግን ሲያነቡልኝ ቁጥሩ ይምታታባቸው ጀምሯል። አንዳንዴም «ማን ነሽ?» ይሉኛል። ባለፈው ወር ደግሞ ውክልናውን ከመቀበሌ በፊት የነበረ የአንድ ዓመት የኪራይ ገቢ አልተገለጸም የሚል ደብዳቤ መጣ። ወንድሜ «ስልካቸውን አንቺ ያዢው፣ እሳቸው ሆነሽ ግቢና ጨርሺው» ይለኛል። እህቴ በበኩሏ «ገንዘባቸውን ምን እያደረግሽው ነው?» ማለት ጀምራለች። ምን ላድርግ?

መልስ

እህቴ፣ ደብዳቤሽን ሳነብ «ማን ነሽ?» የምትለዋ ቃል ላይ ቆምኩ። አክስቴም እንዲሁ ብለውኛል። ያሳደጉኝ እሳቸው ናቸው። ግብራቸውን ስድስት ዓመት ሠርቻለሁ፤ አሠራሬም ካንቺ አይለይም ነበር። በእሳቸው የይለፍ ቃል እገባለሁ፣ ኮዱን ያነቡልኛል፣ ሞልቼ እልካለሁ። አንድም ቀን ጥፋት መስሎ አልታየኝም።

በስድስተኛው ዓመት የአክስቴ የስልክ መስመር ብዙ ጊዜ ሳይሠራበት ቆይቶ ተዘጋ። ኮዱ የሚላከው ወደዚያ ቁጥር ነው። የይለፍ ቃሉ በእጄ እያለ መግባት አቃተኝ፤ የግብር ማስታወቂያው ቀን ደግሞ ደርሷል። ውክልናዬን ይዤ ወደ ቢሮ ሄድኩ። መስኮቱ ላይ የነበረችው ልጅ ወረቀቱን ከላይ እስከ ታች በትዕግሥት አነበበችና «ስለ ግብር የሚል ቃል የለበትም» አለችኝ። ቀጥላም እስከ ዛሬ ማን ሲያስገባ እንደነበረ ጠየቀችኝ። ምን ልበላት? መዝገቡ ላይ የእኔ ስም የለም። ስድስት ዓመት የደከምኩበት ሁሉ አክስቴ ራሳቸው ቁጭ ብለው እንደሠሩት ሆኖ ነው የሚታየው። አዲስ ውክልና እንዳናጽፍ አክስቴ በዚያን ጊዜ መፈረም ቀርቶ ቀኑን መለየት አልቻሉም። የቀረን ፍርድ ቤት ብቻ ነበር። ሞግዚት እስኪሾምላቸው ወራት ሄደ፤ ቅጣቱና ወለዱ ግን አልጠበቀንም።

ስለዚህ ለወንድምሽ ሐሳብ መልሴ «አይሆንም» ነው። ክፋት አስቦ እንዳልሆነ ይገባኛል፤ እኔም ያደረግሁት እሱን ነው። ነገር ግን መጨረሻ ላይ «የሞላሁት እውነት መሆኑን አረጋግጣለሁ» የሚለውን ስትጫኚ፣ ያረጋገጡት አባትሽ ናቸው ተብሎ ይመዘገባል። ስህተት ቢገኝ ተጠያቂው እሳቸው፤ «እኔ አልሞላሁትም» ቢሉ ደግሞ ተጠያቂዋ አንቺ። እህትሽ ለምትጠይቅሽም የምታሳያት ዱካ አይኖርሽም። ሌላም አለ፤ ይህንን ሳስብ አሁንም ይቆጨኛል። አክስቴን በስልክ ለሚጠይቃቸው ድምፅ ኮድ ማንበብ ያስለመድኳቸው እኔ ነበርኩ። እሳቸው ቁጥር የሚያነቡት ለእኔ ይሁን ለአጭበርባሪ መለየት ባቃታቸው ዘመን ያ ልማድ አብሯቸው ቀረ። አባትሽ ኮድ ለማንም፣ ላንቺም ጭምር፣ በስልክ እንዳያነቡ ከዛሬ ጀምሮ ተነጋገሩ።

አሁን ወደ ወረቀቱ። ከሁሉ የሚቀድመው እሱ ነው፤ ምክንያቱም አባትሽ ደህና የሚሆኑባቸው ሰዓታት ገና አሉ።

ውክልናሽ «ንብረቴን ታስተዳድር» ማለቱ ብዙ ቦታ በቂ አይሆንም። የኢትዮጵያን የፍትሐ ብሔር ሕግ ብንወስድ፣ በ1952 ዓ.ም. የወጣው ማለቴ ነው፣ በጠቅላላ አነጋገር የተሰጠ ውክልና የሚፈቅደው የአስተዳደር ሥራን ብቻ ነው። አንቀጽ 2204 ይዘረዝረዋል፤ ንብረት መጠበቅ፣ ዕዳ መሰብሰብና መክፈል፣ ከሦስት ዓመት የማይበልጥ ኪራይ ማከራየት የመሳሰለውን። ክስ ማቅረብና ለክስ መልስ መስጠት፣ ጉዳይን በስምምነት መጨረስ ግን ቀጣዩ አንቀጽ ልዩ ውክልና የሚጠይቅባቸው ናቸው። ዓመታዊውን ግብር ስትከፍዪ ማንም አይናገርሽ ይሆናል፤ ደብዳቤው ወደ ክርክር ከዞረ ግን ያው ወረቀት አጥሮ ታገኚዋለሽ።

አሜሪካ ደግሞ የፌዴራሉ የገቢ መሥሪያ ቤት ለዚህ የራሱ ቅጽ አለው፤ 2848 ይባላል። የግብሩን ዓይነትና ዓመቶቹን ለይቶ መጻፍ ያስፈልጋል፤ «ግብሬን ሁሉ፣ ዓመቱን ሁሉ» ብሎ ነገር የለም። ልጅ ለወላጁ በቤተሰብነት መወከል ይችላል፣ የግድ የሂሳብ ባለሙያ መሆን የለበትም። ማየት ብቻ ለሚበቃው ሌላ ቅጽ አለ፣ 8821፤ በእሱ መረጃ ይሰጥሻል እንጂ ስለ አባትሽ ሆነሽ መከራከር አትችዪም። ብዙ ሰው ሁለቱን ያምታታል። በ2848 የተወከለም ቢሆን የግብር ማስታወቂያውን በግብር ከፋዩ ፈንታ መፈረም የሚችለው እንደ ሕመም ባሉ በደንብ በተገደቡ ምክንያቶች ነው፤ ያም ፈቃድ በቅጹ ላይ ተለይቶ መጻፍ አለበት።

የሚያስፈራኝ ግን የቃላቱ ማነስ ብቻ አይደለም። ተራ ውክልና የወካዩን አእምሮ ተከትሎ ይሄዳል። ከላይ ያነሳሁት የኢትዮጵያ ሕግ በአንቀጽ 2232 ወካዩ ሲሞት ወይም ችሎታ ሲያጣ፣ ማለትም በራሱ የመወሰን አቅም ሲያጣ፣ ውክልናው ይቀራል ይላል፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ በቀር። በእንግሊዝና በዌልስም ተራው ውክልና እንዲሁ ያበቃል፤ ለዚህ ሲባል እ.ኤ.አ. ከ2007 ጀምሮ ችሎታ ከጠፋም በኋላ የሚጸና ልዩ ዓይነት አለ፤ እሱም ሥራ ላይ ከመዋሉ በፊት በመንግሥት መሥሪያ ቤት መመዝገብ አለበት። አስቢው፤ ወረቀቱን በጣም በምትፈልጊበት ሰዓት ወረቀቱ ከእጅሽ ይወጣል። «ሌላ ስምምነት ከሌለ» የምትለዋ ሐረግ የአክስቴ ወረቀት ላይ ብትኖር ኖሮ እነዚያን ወራት ባልተንከራተትኩ ነበር።

ስለዚህ የዚህ ሳምንት ሥራሽ ይህ ይሁን። አባትሽ በሚነቁበት ሰዓት፣ ለብዙ አረጋውያን ጠዋት ይሻላል፣ አንቺም ወንድምሽም እህትሽም ባላችሁበት ስለ ግብሩ በቀላል ቋንቋ ጠይቋቸው። የሚፈልጉትን ከነገሯችሁ ሐኪማቸው ዘንድ ውሰዷቸውና በዚያ ቀን ነገሩን አውቀው የመወሰን አቅም እንዳላቸው በጽሑፍ ያረጋግጥ። ከዚያ ውል የሚያረጋግጥ አዋዋይ ፊት ይቅረቡ። ሕመማቸውን ከአዋዋዩ አትደብቁ፤ የተደበቀ እንደሆነ ነገ ወረቀቱን የሚያፈርሰው መደበቁ ነው። ስም ጠፍቶባቸው የነገሩ ውል ግን ያልጠፋባቸው ሰዎች አሉ፤ «ማን ነሽ?» ማለታቸው ብቻውን ችሎታ የላቸውም አያሰኝም።

አዲሱ ወረቀት ላይ የሚከተሉት ቃል በቃል ይጻፉ፦ ግብር ማስታወቅ፣ መክፈል፣ ተመላሽ መጠየቅ፣ ደብዳቤና ውሳኔ መቀበል፣ መልስ መስጠት፣ ቅሬታና ይግባኝ ማቅረብ፣ ይህንንም በኢንተርኔት በተወካይነት መፈጸም። ያለፉት ዓመታትም እንደሚጨመሩ ይጠቀስ፤ የመጣብሽ ደብዳቤ ውክልና ሳይኖርሽ ስለነበረው ጊዜ ነውና። በመጨረሻም የአገራችሁ ሕግ የሚፈቅድ ከሆነ ችሎታ ባጣም ይጸናል የሚለው። ተመላሹ የት ባንክ እንደሚገባ ቢጻፍ ደግሞ እወዳለሁ፤ በአባትሽ ስም ባለው ሂሳብ ውስጥ ብቻ።

ወረቀቱ ካለቀ በኋላ በራስሽ ስም፣ በራስሽ ስልክ፣ በራስሽ መታወቂያ አካውንት ክፈቺ፤ ከዚያ አባትሽን ከእሱ ጋር አስተሳስሪ። ስሙ በየቦታው ይለያያል፤ «ተወካይ»፣ «ወኪል»፣ «ረዳት» ሊል ይችላል። የእንግሊዝ የገቢ መሥሪያ ቤት ለምሳሌ «የታመነ ረዳት» የሚል ትርጉም ያለው አገልግሎት አለው፤ ረዳቱ የሚገባው በራሱ የይለፍ ቃል ሆኖ የሌላውን ሰው ጉዳይ ያያል። አንዳንድ ቦታ ግን የኢንተርኔቱ በር የተሠራው ፈቃድ ላላቸው የሂሳብ ባለሙያዎች ብቻ ነው፤ ለልጅ ቦታ የለውም። ያ ከገጠመሽ ተመልሰሽ በአባትሽ የይለፍ ቃል አትግቢ። ውክልናውን በወረቀት አስመዝግቢና መልሱን በፖስታ ወይም በአካል አቅርቢ። ይዘገያል፣ ያሰለቻል፤ ግን ስምሽ በመዝገቡ ላይ ይኖራል።

ስለ ደብዳቤው ደግሞ አትደንግጪ፣ አታቆዪውም። የመልስ መስጫው ቀን የት ላይ እንደተጻፈ ፈልጊ፤ የደብዳቤው መሃል ላይ ነው የሚቀበረው። ቀኑ አዲሱ ወረቀት ከሚያልቅበት የሚቀድም ከሆነ አባትሽ ራሳቸው የፈረሙበት፣ ታመው እንደነበረ የሚገልጽና ጊዜ የሚጠይቅ አጭር ደብዳቤ ይላክ። ከዚያ የዚያን ዓመት የባንክ መግለጫና የኪራይ ውል አውጪ። ምናልባት ቤቱ ያን ዓመት ባዶ ነበር፤ ምናልባት ኪራዩ በእጅ ተከፍሎ ደብተራቸው ውስጥ ተጽፎ ይሆናል። የአክስቴ እንዲህ ነበር፤ ጨርሶ ያልተገለጸ የመሰለን ገቢ በሌላ ሰንጠረዥ ተሞልቶ አገኘሁት። በእርግጥ ካልተገለጸ ግን ሳይደርሱብሽ ሙሉውን ግለጪ። ቅጣት እንዲነሳ ስትጠይቂ የሐኪሙን ማስረጃ አያይዢ፤ ሕመም በብዙ አገር እንደ በቂ ምክንያት ይታያል፤ ወለዱ ግን አብዛኛውን ጊዜ አይነሳም።

እህትሽ የጠየቀችሽ ጥያቄ የሚያም ቢሆንም የመጠየቅ መብት አላት፤ እኔን የአጎቴ ልጅ ሲጠይቀኝ አኩርፌ ነበር፣ አሁን ስሕተቴ እንደነበረ አውቃለሁ። ተወካይ ሂሳብ ማቅረብ ግዴታው ነው፤ ገንዘቡን ከራሱ ገንዘብ ጋር መቀላቀል የለበትም። አንድ ደብተር ግዢ። የገባው ኪራይ፣ የተከፈለው ግብር፣ የደረሰኙ ቁጥር፣ የላክሽበት ቀን፣ ያነጋገርሽው ሠራተኛ ስም ይጻፍበት። የላክሽው ቅጽ ሲገባ ማረጋገጫ ቁጥር የያዘ ገጽ ይመጣል፤ ገጹን ሳትዘጊው በፎቶ አስቀምጪና በየሦስት ወሩ ለወንድምሽም ለእህትሽም ላኪላቸው። ሳትጠየቂ ላኪላቸው፤ ጥያቄው ያን ጊዜ ይቆማል።

ጥያቄ

አጎቴ የዛሬ ሦስት ሳምንት አረፉ። ውክልናቸው በእጄ ነው፤ በተወካይነት የከፈትኩት አካውንትም እስከ ዛሬ ይከፈታል። የዘንድሮውን ግብራቸውን አስገብቼ ልዝጋላቸው?

መልስ

ነፍስ ይማር። መከፈቱ አያታልልሽ፤ መሥሪያ ቤቱ ማረፋቸውን ገና ስላላወቀ ነው። ወረቀቱ ላይ ሌላ ስምምነት ካልተጻፈ በቀር ውክልናሽ እሳቸው ባረፉበት ሰዓት አብቅቷል። ከዚያ በኋላ ያስገባሽው ነገር ሁሉ ያለ ሥልጣን የተሠራ ይሆናል፤ ተመላሽ ቢመጣ ደግሞ ከወራሾች ጋር ያጣላሻል። የሞታቸውን ማስረጃ ለመሥሪያ ቤቱ አቅርቢ። የመጨረሻው ዓመት ግብር የሚቀርበው በኑዛዜ አስፈጻሚው ወይም በወራሾች ነው፤ ያም ሰው አንቺ ራስሽ ልትሆኚ ትችያለሽ፣ በሌላ ወረቀት ግን። ያለሽን ሰነድና ደረሰኝ ሁሉ እስከዚያ ድረስ ጠብቂላቸው።

ጥያቄ

እናታችን ለእኔና ለታላቅ ወንድሜ አንድ ላይ ውክልና ልትሰጠን ነው። እንዲህ ይሻላል ወይስ ለአንዳችን?

መልስ

ሁለት መሆናችሁ ጥሩ ነው፤ አንዱ ቢታመም ሌላው አለ። አጻጻፉን ግን ተጠንቀቁ። «በጋራ» ብቻ ከተባለ ለእያንዳንዱ ነገር የሁለታችሁም ፊርማ ይጠየቃል፤ በእንግሊዝ ሕግ ለምሳሌ በዚህ ዓይነት ከተሰጠና አንዱ ቢሞት ምትክ ካልተጠቀሰ ውክልናው በሙሉ ይቀራል። የኢንተርኔት ቅጽ ደግሞ አንድ ሰው ገብቶ አንድ ጊዜ እንዲልክ ተደርጎ የተሠራ ስለሆነ «በጋራ» የሚለው ያስቸግራችኋል። «በጋራም በተናጠልም» ተብሎ ይጻፍ። ከዚያ እያንዳንዳችሁ የየራሳችሁን አካውንት ክፈቱና ማን እንደሚያስገባ አስቀድማችሁ ተስማሙ፤ ሁለታችሁም አስገብታችሁ የአንድ ዓመት ግብር ሁለት ጊዜ እንዳይቀርብ። እናታችሁ ደግሞ ደብዳቤዎቹ በመጀመሪያ ለማን እንዲደርሱ እንደምትፈልግ አሁን ጠይቋት፣ እሷው ትምረጥ።