እንግዴ ልጁን ሳታገላብጡ አትጣሉ

ልጆቼ፣ ዘንድሮ አዋላጅ ሆናችሁ ለምትመረቁት ነው ይሄን የምጽፈው። እኔ ቢቸናና ደብረ ማርቆስ አካባቢ ስንት ዘመን ሳዋልድ ኖሬ ነው ጡረታ የወጣሁት። መጀመሪያ በተመደብኩበት ዓመት አንድ ሌሊት በኩራዝ አዋልጄ፣ ደክሞኝ ስለነበር እንግዴ ልጁን ሳላገላብጥ ጣልኩት፣ ለካ ቁራሽ ማህፀን ውስጥ ቀርቶ ኖሮ ሲነጋጋ እናትየዋ ደም በደም ሆነች፣ ጎረቤት ተጠርቶ በቃሬዛ ተሸክመናት ሮጥን። ተረፈች፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ከዛ ወዲህ መዳፌ ላይ ዘርግቼ፣ ደሙን ጠርጌ፣ በእናት በኩል ያለው ገጽ ሳይጎድል መገጣጠሙን ሳላይ የለቀኩት የለም።

ይሄ ጉድጓድ የምንከተው ነገር ምን እንደያዘ ያወኩት ግን ካረጀሁ በኋላ ነው። ዲ ኤን ኤ ማለት ከወላጅ የምንወርሰው የሰውነታችን መመሪያ ነው፣ ከሰው ዲ ኤን ኤ 8 በመቶ ገደማው የጥንት ቫይረሶች ቅሪት ነው፣ ፕሮቲን የሚሠራው ክፍል እኮ 2 በመቶ እንኳ አይሞላም! እንደ ኤች አይ ቪ ያሉት ሬትሮቫይረሶች አር ኤን ኤ የሚባለውን የራሳቸውን መመሪያ ወደ ዲ ኤን ኤ ገልብጠው የያዙት ሴል ዲ ኤን ኤ ውስጥ ይሰካሉ። ኤች አይ ቪ የሚሰካው የደም ሴል ላይ ስለሆነ በዘር አይወረስም፣ የጥንቶቹ ግን የዘር ሴል፣ ማለትም እንቁላል ወይም የወንድ ዘር ውስጥ ገቡ። እንክርዳድ ለምግብ ከተለየው ስንዴ ጋር ቢቀላቀል ተለቅሞ ያልቃል፣ ለዘር ከተቀመጠው ከገባ ግን በየዓመቱ አብሮ ይበቅላል አይደል፣ እንደዛ ነው። አብዛኞቹ በሚሊዮን ዓመታት ተሰባብረው ዝም ብለዋል፣ ቆሻሻ ዲ ኤን ኤ እየተባሉም ኖረዋል።

በፈረንጆቹ 2000 ግን ተመራማሪዎች የአንዱ ቫይረስ ጂን፣ ማለትም ፕሮቲን የሚያሠራው የዲ ኤን ኤ ክፍል፣ እንግዴ ልጅ ውስጥ ሲሠራ አገኙት፣ ፕሮቲኑ ሲንሲቲን ይባላል። ቫይረሱ ድሮ ከሴል ጋር ተጣብቆ ለመግባት የሚጠቀምበት የላይ ልብሱ ነበር፣ ዛሬ የእንግዴ ልጅን ሴሎች እርስ በርስ እያዋሃደ በእናትና በልጅ ደም መሀል ያለውን ስስ ሽፋን ይሠራል፣ ምግቡም ኦክስጅኑም የሚያልፈው በዚሁ ነው። አይጦችም ከሌላ ቫይረስ የወረሱት የራሳቸው ሲንሲቲን አላቸው፣ ተመራማሪዎች ጂኑን ሲያወጡባቸው የአይጦቹ ጽንስ ማህፀን ውስጥ ሞተ። ይሄን ያነበብኩ ቀን እጄን እያየሁ አለቀስኩ፣ ስንቱን በዚህ እጅ ይዤዋለሁ።

ስለዚህ ልጆቼ፣ ቤተሰብ ወስደን እንቅበር ብሎ ቢያጣድፋችሁም፣ ሌላ ምጥ ቢጠብቃችሁም፣ መጀመሪያ ባትሪ አብሩና ዘርግታችሁ እዩት፣ የጎደለ ካለ እናትየዋን ከአልጋው አታስነሷት።