መጀመሪያ ሪፖርተር ሁኚ፣ ዳታው ይደርሳል

እህቴ፣ በጋዜጠኝነት ተመርቀሻል። አንድ ዲጂታል ሚዲያ በተመልካች ዳታ ተንታኝነት ሊቀጥርሽ ነው። አንድ ሬዲዮ ጣቢያ ደግሞ በግማሽ ደመወዝ ሪፖርተር ሊያደርግሽ ይፈልጋል። አባትሽ “ባንክ ግቢ” ይሉሻል። አንቺን ግን እንቅልፍ የነሳሽ ሌላ ነው፤ ምን ዜና እንደሚሠራ የእይታ ቁጥር ከወሰነ ጋዜጠኛው ምን ሊሠራ ነው?

አባትሽን በአክብሮት እምቢ በያቸው። ጠዋት ተነስተሽ የምትሄጂው አንቺ ነሽ። ሒሳብ አልችልም ያልሽው አያስጨንቅሽ፤ ለጀማሪ ኤክሴል ይበቃል።

ወደ ዋናው ጭንቀትሽ ልምጣ። ቁጥር በራሱ ጠላት አይደለም። የእንግሊዙ ጋዜጣ ጋርዲያን ኦፋን የሚባል የራሱን የአንባቢ ቁጥር መለኪያ ሠርቶ ለጋዜጠኞቹ ክፍት አድርጓል። የፈረንሳዩ ጋዜጣ ለ ሞንድ የሚያወጣውን ጽሑፍ ብዛት ቀንሶ የድረ ገጹ አንባቢ ጨምሮለታል። ጣጣው የሚመጣው ቁጥሩ እንዴት እንደተቆጠረ ሳይጠየቅ ሲታመን ነው። ፌስቡክ የቪዲዮ አማካይ የእይታ ጊዜን ለሁለት ዓመት ያህል አጋንኖ ሲያሳይ እንደነበር በ2016 እ.ኤ.አ. አመነ። ከ3 ሰከንድ በታች ያዩትን ከስሌቱ አውጥቷቸው ነበር። ይህ ከታወቀ በኋላ እንኳ ማይክ የተባለው የአሜሪካ ድረ ገጽ በ2017 ጋዜጠኞችን አሰናብቶ ወደ ቪዲዮ ዞረ። በ2018 አብዛኛውን ሠራተኛ በትኖ ተሸጠ። ሥራቸውን ያጡት ቁጥሩን ያመኑት አለቆች ብቻ አልነበሩም፤ ይህ እስካሁን ያናድደኛል።

ወደ እኛ ስትመጪ ሌላ ነገር አለ። በዩቲዩብ ከአሜሪካ የሚመጣ እይታ ከአገር ቤቱ የተሻለ ይከፍላል፤ አስተዋዋቂው ለዚያ ተመልካች የሚያወጣው ገንዘብ ስለሚበልጥ ነው። ስለዚህ ቨርጂኒያ ያለው ወገናችን የሚከታተለው የፖለቲካ ክርክር ይቀድማል፤ በአንድ ቀበሌ ለሳምንታት የጠፋ ውሃ ወረፋ ይጠብቃል። ሬዲዮ ከፍታ ምሳ የምትሠራው እናት ደግሞ የእይታ ቁጥር የሚታይበት ዳሽቦርድ ላይ ጭራሽ የለችም። ስለ ውሃው መስማት የሚያስፈልጋት ግን እሷ ናት። ይህን ለአዘጋጁ ደፍሮ የሚናገር ሰው የዳታ ክፍሉ ውስጥ መኖር አለበት። ለመናገር ደግሞ መጀመሪያ እሷ ቤት ገብቶ ማውራት ይጠይቃል።

ለዚህ ነው ሬዲዮውን የምመርጥልሽ። እኔም ሙያውን የተማርኩት ሬዲዮ ዜና ክፍል ውስጥ ነው፤ የሰው በር ማንኳኳት የለመድኩት እዚያ ነው። ግማሽ ደመወዝ ይከብዳል። ግን የምትኖሪው ከቤተሰብ ጋር ነው፣ የቤት ኪራይ የለብሽም፤ ሁለት ዓመት ትችይዋለሽ። ማታ ማታ የድረ ገጽ ጎብኚን የሚቆጥረውን ጉግል አናሊቲክስ ተማሪ። የጣቢያውን የፌስቡክና የቴሌግራም ገጽ ቁጥር እኔ ልከታተል በያቸው።

ከመወሰንሽ በፊት ግን የዲጂታሉን አዘጋጅ አንድ ነገር ጠይቂው፦ “እይታ አጥቶም የቀጠላችሁበት ዘገባ አለ?” ዘገባውን በስሙ ከጠራልሽና በሳምንት ሁለት ቀን መስክ እንድትወጪ ከፈቀደልሽ፣ እዚያው ፈርሚ።