ውሃና የኦክሳይድ ክሪስታል ገጽ፦ ጥያቄና መልስ

ቃል በገባሁት መሠረት ዛሬ ማታ ጥያቄ እቀበላለሁ። ሥራዬ ሩታይል የሚባለውን የታይታኒየም ዳይኦክሳይድ ክሪስታል በቫኪዩም (አየር በተመጠጠበት ክፍል) ውስጥ ማጥናት ነው። ስትጠይቁ ሁለት ነገር ጻፉልኝ፤ የትኛው ኦክሳይድ፣ የትኛው ገጽ (ክሪስታሉ በየትኛው አቅጣጫ እንደተቆረጠ፤ እንደ (100) ባለ ቁጥር ይጻፋል)።

ጥያቄ፦ ውሃ ብረት ኦክሳይድን ሲነካ ምን ይፈጠራል?

መልስ፦ የትኛው ኦክሳይድ? የትኛው ገጽ?

አንድ አባል፦ ብረት ኦክሳይድ ዝገት ነው እኮ።

ሌላ አባል፦ ዝገት የአይረን ብቻ ነው። ትምህርት ቤት «ብረት አስተኔ» ተብለን ነው የተማርነው፤ ካልሲየምም ይገባበታል።

የመጀመሪያው፦ እኛ ሰፈር ብረት አንድ ነው።

መልስ፦ ዛሬ የምናወራው ስለ ሁሉም ነው። እንለፍ።

ጥያቄ፦ ግንበኛ ነኝ። ኖራ ላይ ውሃ ሳፈስ የሚፈላው ለምንድን ነው?

መልስ፦ የተቃጠለ ኖራ ካልሲየም ኦክሳይድ ነው። 56 ግራሙ 18 ግራም ውሃ ይወስድና 65 ኪሎ ጁል ያህል ሙቀት ይለቃል። ውሃው ገጹ ላይ አይቆምም፤ ውስጥ ድረስ ዘልቆ ክሪስታሉን ያፈርሰዋል። ወንድሜ፣ ኖራውን ቀስ እያልክ ወደ ውሃው ጨምር እንጂ ውሃውን ኖራው ላይ አታፍስ። መነጽር አድርግ።

ጥያቄ፦ ማግኒዚየም ኦክሳይድስ? ገጹ (100) ነው።

መልስ፦ ለጥ ባለው ገጽ ላይ አንድ ብቸኛ የውሃ ሞለኪውል ሳይሰበር፣ ማለትም አተሞቹ ሳይለያዩ፣ ያርፋል። ገጹ በውሃ ሲሸፈን ግን ጎረቤት ሞለኪውሎች ይተጋገዙና ከፊሎቹ ይሰበራሉ። ደረጃና ጥግ ባለበት ቦታ ደግሞ በቀላሉ ይሰበራል። የምድጃ ጡብ የምታከማቹ፣ ከእርጥበት አርቁት። ወደ ሃይድሮክሳይድ ሲለወጥ ይዘቱ ከእጥፍ በላይ ያብጣል፤ ጡቡ ይሰነጠቃል።

ጥያቄ፦ የማስተርስ ተማሪ ነኝ። ሩታይል (110) ላይ ውሃ የሚሰበረው የት ነው?

መልስ፦ እንዲህ ነው መጠየቅ! ገጹን እንደታረሰ ማሳ አስቢው። ጉብታው ላይ ኦክስጅኖች ተሰልፈዋል፤ ትልሙ ውስጥ ታይታኒየሞች አሉ። ክሪስታሉን በቫኪዩም ስናግለው ከጉብታው ጥቂት ኦክስጅኖች ይነቀላሉ፤ ክፍተት ይቀራል። የውሃ ሞለኪውል ትልሙ ውስጥ ያርፋል፣ ይንሸራተታል፣ ክፍተት ሲያገኝ ይሰበራል። የውሃው ኦክስጅን ክፍተቱን ይደፍናል፤ አንዱ ሃይድሮጅን ወደ ጎረቤት ኦክስጅን ይሻገራል። ስለዚህ ከአንድ ክፍተት ሁለት ሃይድሮክሲል (የኦክስጅንና የሃይድሮጅን ጥንድ) ይወጣል። ይህን በስካኒንግ ተነሊንግ ማይክሮስኮፕ አተም በአተም ማየት ይቻላል።

ክፍተት በሌለበት ትልም ውስጥስ? ለብዙ ዓመታት ያከራከረን ይኸው ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣ ልኬት ሳይሰበር መቆየቱ በ0.035 ኤሌክትሮን ቮልት (የኃይል መለኪያ) ብቻ እንደሚሻለው አሳየ። ልዩነቱ ከምንም አይቆጠርም፤ ሁለቱም ወገን የተሟገተው በምክንያት ነበር።

አንድ ነገር አደራ። ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠ ክሪስታል ደረቅ ነው ብለሽ አትነሺ። ገጹን የነካው ሞለኪውል ሁሉ ቢጣበቅ፣ በቫኪዩም ውስጥ እንኳ፣ በቶር (የግፊት መለኪያ) አንድ ሚሊዮንኛ ግፊት ገጹ በ1 ሴኮንድ ይሸፈናል። ከዚያ 10,000 ጊዜ ባነሰ ግፊት እንኳ የሚኖርሽ ጊዜ ሦስት ሰዓት አይሞላም።

ጥያቄ፦ ታዲያ በአጭሩ ውሃ ይሰበራል ወይስ አይሰበርም?

መልስ፦ ከላይ መልሻለሁ። የትኛው ኦክሳይድ? የትኛው ገጽ? ሦስተኛ ጊዜ አልጽፈውም።

ጥያቄ፦ በዚሁ በታይታኒየም ዳይኦክሳይድ ዱቄት ከፀሐይ ሃይድሮጅን ቤት ውስጥ ማምረት ይቻላል?

መልስ፦ ፉጂሺማና ሆንዳ እ.ኤ.አ. በ1972 ውሃን በሩታይልና በብርሃን ከፍለዋል። ሩታይል የሚቀበለው ግን በአብዛኛው አልትራቫዮሌቱን ነው፤ ከፀሐይ ብርሃን ጥቂቱን። ቤት ውስጥ አትሞክረው፤ ሃይድሮጅን ይፈነዳል።

ጥያቄ፦ የስምጥ ሸለቆ ጉድጓድ ውሃ ፍሎራይድ በአክቲቬትድ አሉሚና (ቀዳዳ በበዛው የአሉሚኒየም ኦክሳይድ) እያጣራሁ ነው። የውሃው ፒኤች (የአሲድነት መለኪያው) 8.2 ነው። ቶሎ ይደክምብኛል።

መልስ፦ ስለ ኦክሳይዱም ስለ ውሃውም ስለነገርሽኝ አመሰግናለሁ። የአሉሚና ገጽ በውሃ ውስጥ ሃይድሮክሲል ለብሷል። ፒኤች ሲወርድ ገጹ ፕሮቶን ይቀበላል፣ ፖዘቲቭ ይሆናል፣ ፍሎራይዱም ሃይድሮክሲሉን ተክቶ ይያዛል። 8.2 ላይ ያ ቻርጅ ሊያልቅ ደርሷል። የአካባቢው ውሃ ባይካርቦኔት ስለሚበዛበት እሱም ቦታ ይሻማል። የዓለም ጤና ድርጅት የፍሎራይድ ወሰን በሊትር 1.5 ሚሊግራም ነው። ፒኤቹን በ5.5 እና በ6 መካከል አድርገሽ አንድ ዙር አጣሪ። ከመጠጣቱ በፊት ፒኤቹን መልሰሽ አስተካክዪ፤ የቀረውን አሉሚኒየምም ለኪ። ከዚያ ቁጥሮቹን አምጪልኝ።