በሩ ቢጮኽ ጥበቃው ሊይዘኝ ይችላል?

ጥያቄ፦ ስታዲየም አካባቢ ከሚገኝ ሱፐርማርኬት ዕቃ ገዝቼ ስወጣ የበሩ ማሽን ጮኸ። ጥበቃው ቦርሳዬን ነጥቆ ጓዳ አስገባኝ፤ ስልክሽን ክፈቺ አለኝ። ደረሰኜ ታይቶ እስክለቀቅ አንድ ሰዓት አለፈ። ይህን የማድረግ ሥልጣን አለው? (አንባቢ፣ ከሜክሲኮ)

መልስ፦ የለውም። ዩኒፎርም ጥበቃን ፖሊስ አያደርገውም። በእጁ ያለው፣ ሕግ ለማንኛውም ሰው የሰጠው መብትና የቤቱ ባለቤት ለመግቢያው ያወጣው ደንብ ብቻ ነው።

በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 50 እንደሚለው፣ ግለሰብ ያለ ትእዛዝ ሰው መያዝ የሚችለው ወንጀሉ እጅ ከፍንጅ ሲሆንና ከ3 ወር በማያንስ ቀላል እስራት የሚያስቀጣ ሲሆን ነው። እጅ ከፍንጅ የሚባለው ሲፈጽም፣ ሲሞክር ወይም ገና ፈጽሞ ሲገኝ ነው፤ «ሌባ! ሌባ!» እየተባለ የሚባረረውም እንደዚያው ይቆጠራል። የማሽን ጩኸት ከእነዚህ አንዱም አይደለም። ካሸሯ ዕቃው ላይ ያለውን፣ ማሽኑን የሚያስጮኸውን መለያ ሳታነሳ ወይም ሳታጠፋ ካለፈች፣ የተከፈለበትም ዕቃ ይጮኻል። ጩኸቱ «ደረሰኝዎን ያሳዩኝ» ለማለት ይበቃል። ከዚያ ጥበቃው ከእርስዎ ጋር ወደ ካሸሯ ተመልሶ፣ ሰው እያየ ዕቃውን ከደረሰኙ ጋር ማመሳከር ነበረበት። ጥቂት ደቂቃ የሚፈጅ ነገር ነው፤ ጓዳ ምን ያደርጋል?

በር ላይ የቦርሳ ፍተሻ የሚካሄደው በሚገባው ሰው ፈቃድ ነው። አልፈተሽም ካሉ እንዳይገቡ ሊከለክልዎት ይችላል፤ በግድ መፈተሽ ግን አይችልም። በሕግ የተያዘ ሰው እንኳ የሚፈተሸው ማስረጃ ይዟል ተብሎ በበቂ ሲጠረጠርና ፈታሹ ተመሳሳይ ጾታ ሲሆን ነው። ስልክዎ ውስጥ ያለው በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 26 የተጠበቀ የግል ሕይወትዎ ነው።

አንድ ሰዓቱም ቀላል አይደለም። የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 2040 ያለ ሥልጣን የሰውን ነፃነት ለአጭር ጊዜም ቢሆን መንካት ጥፋት ነው ይላል፤ ባይነኩም በማስፈራራት ማስቆምም ያው ነው። ጥበቃው በሥራው ላይ ላጠፋው አሠሪውም በአንቀጽ 2130 ይጠየቃል። በወንጀል በኩል በሕገ ወጥ መንገድ ሰው መያዝ በ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 585 ያስቀጣል።

አቤቱታ ካሰቡ ደረሰኙን አይጣሉ፣ ሰዓቱ ታትሞበታል። የካሜራው ምስል እንዲቀመጥልዎ ዛሬውኑ በጽሑፍ ይጠይቁ፤ መቅጃው ሲሞላ የቆየው በአዲሱ ይተካል። በዩኒፎርሙ ላይ ያለውን የድርጅት ስም ጽፈው በአቅራቢያዎ ላለ ፖሊስ ጣቢያ ያመልክቱ።

ጥያቄ፦ ፒያሳ የሕንፃ ጥበቃ ነኝ። ሌባ እጅ ከፍንጅ ብይዝ እስከ ምን ድረስ መሄድ እችላለሁ? (ወንድማችሁ)

መልስ፦ ይያዙት፣ ወዲያው 991 ይደውሉ ወይም ጣቢያ ያድርሱት። ምርመራ የፖሊስ ሥራ ነው፤ «ሰርቄያለሁ» ብለህ ፈርም ማለት አይቻልም። ቢታገልዎት ለመያዝ የሚበቃውን ያህል ኃይል ብቻ ይጠቀሙ። ዱላው ሰውዬው እጅ ከሰጠ በኋላ ካረፈ ግን ተከሳሹ እርስዎ ይሆናሉ፤ መከላከል የሚባለው ጥቃት እያለ ብቻ ነው። «አለቃዬ አዞኝ ነው» ማለትም ብዙ አያድንም። የተረኛ መዝገቡ ላይ የያዙበትን፣ የደወሉበትንና ያስረከቡበትን ሰዓት ይጻፉ፤ የተረከበዎትን ፖሊስ ስምም አይርሱ።