ሰው ከዓይነ ርግብ ይወድቃል?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። እኔ ዓይነ ርግብ ሲባል የማውቀው ሙሽራ ፊቷን የምትሸፍንበትን ስስ ጨርቅ ነው። ሰሞኑን ግን መጽሐፈ ነገሥት ካልዕ ምዕራፍ 1 ላይ፣ ንጉሥ አካዝያስ ከዓይነ ርግቡ ወድቆ ታመመ የሚል አነበብኩ። ሰው ከጨርቅ እንዴት ይወድቃል? (ከደሴ)

መልስ፦ ልጄ፣ የወደቀው ከመስኮት ነው። ዓይነ ርግብ ያልሽው ጨርቅም ነው፤ በቀጫጭን እንጨት ጥልፍልፍ የተዘጋ መስኮትም ነው። ንጉሡ ሰማርያ ሰገነቱ ላይ ነበር። እኔ አናጢ ነኝና ያን ቦታ ባነበብኩ ቁጥር የሚታየኝ የእንጨቱ መጋጠሚያ ነው።

ለሁለቱ አንድ ስም መሰጠቱ ደስ ይለኛል። ሥራቸው አንድ ነዋ! ከውስጥ ያለው ያያል፣ ከውጭ ያለው አያየውም። ቀን ላይ ውጭው ብሩህ፣ ውስጡ ጨለም ያለ ስለሆነ ነው።

ጅዳ ስሠራ፣ አሮጌው ከተማ አል በለድ ውስጥ፣ ከግድግዳው ወደ መንገዱ ወጣ ያሉ የእንጨት መስኮቶች ነበሩ። ሮሻን ይሏቸዋል። ከምሳ በኋላ ጥላቸው ሥር ቆሜ አንገቴ እስኪያመኝ አያቸው ነበር። ፀሐዩን ይከለክላሉ፣ ነፋሱን ያስገባሉ። ግብፆች መሽረቢያ ይሉታል፤ ቃሉ መጠጣት ከሚለው ጋር ይዛመዳል። የውኃ ማሰሮ እዚያ ያስቀምጡና ነፋሱ ያቀዘቅዘዋል። ጥሩዎቹ ሚስማርም ሙጫም የላቸውም። ትንንሽ የተጠረበ እንጨት እርስ በርሱ ይሰካካል። እንጨት በሙቀትና በእርጥበት ያብጣል፣ ይኮማተራል፤ ቦታ ካገኘ አይሰነጠቅም።

ሩቅ መሄድም አያስፈልግም። ከላሊበላ ወጣ ብሎ፣ ዋሻ ውስጥ ያለውን ይምርሐነ ክርስቶስን ያየ ሰው የመስኮቶቹን ጥልፍልፍ አይረሳም።

በደብዳቤሽ መጨረሻ የእናትሽ ማድቤት በጭስ እንደተቸገረ ጽፈሻል። ዓይኗን ሳይጎዳው ዓይነ ርግብ መስኮት ቶሎ አሠሪላት። ጭስ ወደ ላይ ስለሚወጣ መስኮቱ ከጣሪያው ሥር ይሁን፤ ትይዩው ግድግዳ ላይም ሌላ ይኑር። ጥድ ከተገኘ ጥድ ይሁን፣ ምስጥ አይደፍረውም። አናጢው እንጨቶቹ በሚተላለፉበት ቦታ ሁለቱንም እስከ ግማሽ ውፍረታቸው በመጋዝና በመሮ ይቁረጥና ያቀማምጣቸው። ቀጭን እንጨት ላይ ሚስማር ከመታ ይሰነጥቀዋል። ቀዳዳው ሦስት ጣት ይበቃዋል፤ ድመት አያሳልፍም።

ለመኝታ ቤትም ካሰብሽ ግን መጋረጃ ጨምሪበት። ማታ መብራት ስታበሪ ነገሩ ይገለበጣል፤ የሚታየው ውስጥ ያለው ሰው ነው።