አንድ ሴሚስተር በሜክሲኮ፦ የስንዴ በሽታን ማጥናት ለምትሻ ተማሪ የተሰጠ የሙያ ምክር

ውድ እህቴ፣

በደብዳቤሽ የእጽዋት ሳይንስ የሁለተኛ ዓመት ተማሪ መሆንሽን፣ ዩኒቨርሲቲሽ ሜክሲኮ ከሚገኘው ከቻፒንጎ ራስ ገዝ ዩኒቨርሲቲ ጋር ባለው ስምምነት መሠረት በሦስተኛ ዓመት ለአንድ ሴሚስተር የልውውጥ ተማሪ ሆነሽ እንድትሄጂ መታጨትሽን፣ ከምረቃ በኋላም በስንዴ በሽታዎች ላይ መመራመር እንደምትፈልጊ ገልጸሽልኛል። ምረቃዬ ይዘገይብኝ ይሆን፣ ስፓኒሽ ሳልችል እንዴት እማራለሁ፣ ለደኅንነቴ የሚሰጉትን ወላጆቼን ምን ልበላቸው ብለሽ ጠይቀሻል፤ አንዲት ጓደኛሽም «ሜክሲኮ ከገባሽ አሜሪካ እኮ ጎረቤት ነው» እያለች እንደምትገፋፋሽ ጽፈሻል። የእኔ ምክር ሂጂ የሚል ነው፤ ሆኖም ጉዞው ለሙያሽ የሚጠቅመው እዚያ የምትወስጃቸው ኮርሶች እዚህ በውጤት መዝገብሽ ላይ እንደሚያዙልሽ ከመነሳትሽ በፊት በጽሑፍ ካረጋገጥሽ፣ ስፓኒሽንም ዛሬውኑ ከጀመርሽ ብቻ ነው።

በቅድሚያ ቦታው ከሙያ መስመርሽ ጋር ምን ያህል እንደሚገናኝ ላንሣ፤ የልውውጥ ዕድል መመዘን ያለበት ተማሪው ወደፊት ሊሠራው ካሰበው ሥራ ጋር ባለው ቅርበት ነውና። ቻፒንጎ እ.ኤ.አ. በ1854 የተመሠረተው የሜክሲኮ ብሔራዊ የግብርና ትምህርት ቤት ወራሽ ሲሆን፣ የሚገኘው ከሜክሲኮ ሲቲ በስተምሥራቅ ባለችው በቴክስኮኮ ከተማ አጠገብ ነው። በዚሁ በቴክስኮኮ አካባቢ፣ ኤል ባታን በሚባል ስፍራ፣ በአገራችን የግብርና ባለሙያዎች ሲሚት ብለው የሚጠሩት ዓለም አቀፉ የበቆሎና የስንዴ ማሻሻያ ማዕከል ዋና መሥሪያ ቤቱን አድርጓል። እ.ኤ.አ. በ1970 የኖቤል የሰላም ሽልማት የተቀበለው ኖርማን ቦርሎግ ከ1944 ጀምሮ የስንዴ ማሻሻያ ሥራውን ያካሄደው በዚያው አገር ነበር። ማዕከሉ ከእርሱ የወረሰው የአሠራር ስልት በዓመት ሁለት ጊዜ መዝራትን ይጠይቃል፤ በክረምቱ ዝናብ ጊዜ 2,600 ሜትር ገደማ ከፍታ ባለው በቶሉካ፣ በደረቁ ወቅት ደግሞ በሰሜን ምዕራብ፣ በሲውዳድ ኦብሬጎን አቅራቢያ ባለው በያኪ ሸለቆ የመስኖ መሬት ላይ ይዘራል።

ይህ ለአንቺ ለምን እንደሚጠቅም ልብ በይ። ቀዝቃዛውና ዝናባማው ቶሉካ ቢጫ ዋግ የተባለውን የስንዴ የፈንገስ በሽታ ለመፈተሽ የሚያገለግል ቦታ በመሆኑ የአርሲንና የባሌን ደጋ ችግር ታዪበታለሽ፤ ሞቃቱና በመስኖ የሚለማው የያኪ ሸለቆ ደግሞ በአዋሽ ተፋሰስና በሌሎች ቆላማ አካባቢዎቻችን ለሚካሄደው የበጋ መስኖ ስንዴ የቀረበ ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 ቢጫ ዋግ በአገራችን በሰፊው ተነሥቶ ኩብሳ የተባለውን የስንዴ ዝርያ ክፉኛ እንዳጠቃው በክፍል ሳትማሪ አልቀረሽም። በዚያው ዓመት በቁሉምሳ የግብርና ምርምር ማዕከል በኩል የተለቀቁት ቀቀባና ዳንደአ የተባሉት ዝርያዎች የተገኙት ሲሚት አዳቅሎ ካዘጋጃቸው የስንዴ መነሻ ዘሮች ነው፤ የተጠቃው ኩብሳም መነሻው እዚያው ነበር። አንድን ዝርያ ለዘለቄታው የሚቋቋም አድርጎ ማውጣት እንደማይቻል፣ የዋጉ ፈንገስ ዘር በተለወጠ ቁጥር ምርጫውም መቀጠል እንዳለበት ከዚህ በላይ የሚያስረዳ ምሳሌ አላውቅም። የዚህ ሥራ ሰው ለመሆን ለምትዘጋጅ ተማሪ ቴክስኮኮ የታወቁ ትልልቅ ከተሞች ሁሉ ሊሰጧት የማይችሉትን ትሰጣታለች።

ይሁን እንጂ ቅርበቱ ብቻውን የሲሚትን በር አይከፍትልሽም። በቻፒንጎ የእጽዋት ሳይንስ የሚሰጠው በፊቶቴክኒያ ትምህርት ክፍል ሲሆን፣ የሰብል በሽታና ተባይ ደግሞ ራሱን በቻለው በፓራሲቶሎሒያ አግሪኮላ ትምህርት ክፍል ነው። ስለሆነም ከሁለቱም ክፍሎች ኮርስ መውሰድ ይፈቀድልሽ እንደሆነ፣ ከኮርሶቹም የትኛው የመስክ ጉብኝት እንዳለው አስቀድመሽ ጠይቂ። አማካሪ መምህርሽም በቁሉምሳ ወይም አዲስ አበባ ባለው የሲሚት ቢሮ የሚያውቋቸው ባለሙያ ካሉ፣ ስለ አንቺ አንድ ገጽ የማስተዋወቂያ ደብዳቤ እንዲጻፍልሽ ትሕትና በተሞላበት መንገድ ለምኛቸው። የቶሉካው ስንዴ በመስክ ላይ የሚቆየው እስከ ጥቅምት ገደማ ስለሆነ፣ ይህን ጥያቄ እዚያ ደርሰሽ ከተረጋጋሽ በኋላ ልታነሺው ብታስቢ ጊዜው ያልፍብሻል።

ወደ ምረቃው ጉዳይ ስንመጣ፣ ስጋትሽ ተገቢ ነው። የሜክሲኮ ዩኒቨርሲቲዎች የመጀመሪያው ሴሚስተር በአብዛኛው ከነሐሴ እስከ ታኅሣሥ የሚዘልቅ ስለሆነ በአመዛኙ ከእኛ የመጀመሪያ ሴሚስተር ጋር ይገጥማል፤ ሁለተኛው ግን ከጥር ጀምሮ እስከ ግንቦት ወይም ሰኔ ስለሚሄድ ከሁለቱም ሴሚስተሮቻችን ጋር ሊጋጭ ይችላል። በዚህ ምክንያት የነሐሴውን እንድትመርጪ አጥብቄ እመክርሻለሁ። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ ሁሉ የመውጫ ፈተና የማለፍ ግዴታ እንዳለበት ደግሞ አትዘንጊ። በሌለሽበት ሴሚስተር የሚሰጥ ኮርስ በመውጫ ፈተናው ይዘት ውስጥ የተካተተ ከሆነና ቻፒንጎ የምትወስጅው ኮርስ እርሱን የማይተካ ከሆነ፣ ክፍተቱ የሚታወቅሽ በአራተኛ ዓመት መጨረሻ፣ ለማስተካከል ጊዜ በሌለበት ወቅት ነው።

ስለዚህ ከትምህርት ክፍልሽ ኃላፊ ጋር ተቀምጠሽ የትኛው የቻፒንጎ ኮርስ የትኛውን የእናንተን ኮርስ እንደሚተካ፣ በስንት ክሬዲት እንደሚያዝ፣ ውጤቱም ወደ እኛ የፊደል ውጤት በምን ስሌት እንደሚቀየር የሚገልጽ ሰንጠረዥ አዘጋጁ። በሜክሲኮ ውጤት በአብዛኛው ከ10 የሚሰጥ በመሆኑ፣ እዚያ 8 ያገኘ ተማሪ እዚህ ምን እንደሚሰጠው አስቀድሞ ካልተወሰነ በተመላሹ ተማሪና በሬጅስትራሩ መካከል አሰልቺ ክርክር ይነሣል። ሰንጠረዡን የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ፣ ሬጅስትራሩና የቻፒንጎ የልውውጥ ቢሮ ይፈርሙበት፤ አንዱ ፊርማ ከጎደለ ትኬት አትቁረጪ። ኃላፊዎች በዓመት መካከል ሊቀየሩ ስለሚችሉ፣ የቃል ተስፋ ምንም ያህል በቅንነት ቢሰጥ አያስተማምንም።

ትምህርቱ የሚሰጠው በስፓኒሽ ነው። በእንግሊዝኛ እገባበታለሁ ብለሽ አትሂጂ፤ በእንግሊዝኛ የሚሰጡ ኮርሶችን በብዛት የምታገኚው እንደ ሞንቴሬይ የቴክኖሎጂ ተቋም ባሉ የግል ዩኒቨርሲቲዎች እንጂ በመንግሥት የግብርና ዩኒቨርሲቲ አይደለም። ንግግር ተከታትሎ ማስታወሻ ለመያዝና የቤተ ሙከራ ሪፖርት ለመጻፍ ቢያንስ በአውሮፓው የቋንቋ ብቃት መለኪያ ቢ1 የሚባለው መካከለኛ ደረጃ ያስፈልግሻል፤ ቢ2 ብትደርሺ ደግሞ በመስክ ከገበሬ ጋር ያለ አስተርጓሚ ታወሪያለሽ። ደረጃሽን የሚያሳይ ማስረጃ ከተጠየቅሽ ሲዬሌ የተባለው በኮምፒውተር የሚሰጥ ፈተና አለ። ከሰላምታና ከገበያ ስፓኒሽ ጎን ለጎን የሙያሽን ቃላት ከመጀመሪያው ወር ጀምረሽ አጥኚ፤ የእጽዋት በሽታ መማሪያ መጽሐፍ በስፓኒሽ አግኝተሽ በየቀኑ አንድ ገጽ ብታነቢ፣ ሳይንሳዊ ስሞቹ የምታውቂያቸው ላቲንኛ ስለሆኑ ከምትገምቺው በላይ ይገባሻል። በሜክሲኮ ሲቲ የሚገኘው ብሔራዊ ራስ ገዝ ዩኒቨርሲቲ፣ ዩናም፣ እ.ኤ.አ. ከ1921 ጀምሮ ለውጭ ዜጎች ስፓኒሽ የሚያስተምር ማዕከል አለው፤ ገንዘቡ ከተገኘ ከሴሚስተሩ በፊት ጥቂት ሳምንት እዚያ ብትማሪ መልካም ነው።

እነዚያ ሳምንታት ግን ከቪዛሽ ጋር መቆጠር አለባቸው። አዲስ አበባ ባለው የሜክሲኮ ኤምባሲ በኩል የምታመለክቺው ቪዛ በቆይታሽ ርዝመት ይወሰናል። ከ180 ቀን ለማይበልጥ ጊዜ ደመወዝ የሚከፈልበት ሥራ የማይፈቅደው የጎብኚ ቪዛ ይበቃል፤ ከዚያ ከበለጠ የተማሪ ጊዜያዊ ነዋሪ ቪዛ ያስፈልጋል፤ ይህኛውም አገሩ በገባሽ በ30 ቀን ውስጥ በብሔራዊ የፍልሰት ተቋም ቀርበሽ ወደ መኖሪያ ካርድ እንድትለውጪው ያስገድዳል። በጎብኚ ቪዛ ከገባሽ የመግቢያ ሠራተኛው ስንት ቀን እንደሰጠሽ እዚያው ቆመሽ ተመልከቺ፤ የተሰጠሽ ጊዜ ከሴሚስተሩ ካነሰ የቅበላ ደብዳቤሽን አሳይተሽ በአክብሮት እንዲስተካከልልሽ ጠይቂ።

የበረራ መሥመሩ ብዙ ተማሪ የማያስበው ጉዳይ ነው። ከአዲስ አበባ ሜክሲኮ ሲቲ ቀጥታ በረራ ባለመኖሩ በሌላ አገር ማለፍሽ አይቀርም። በአሜሪካ በኩል ከሆነ አውሮፕላን ለመቀየር ብቻ የአሜሪካ ቪዛ ትጠየቂያለሽ፤ በፍራንክፈርት፣ በፓሪስ ወይም በማድሪድ በኩል ከሆነም የሸንገን አገሮች ለኢትዮጵያ ፓስፖርት የኤርፖርት መሸጋገሪያ ቪዛ ይጠይቃሉ። ትኬት ሻጩ ይህን ላይነግርሽ ይችላል። በኢስታንቡል በኩል የሚያልፈውን ጉዞ ዋጋው ትንሽ ቢበልጥም አስቀድመሽ ተመልከቺው።

ስለ ገንዘቡ አጭር ነገር ልበል። የልውውጥ ተማሪ የትምህርት ክፍያ አብዛኛውን ጊዜ የሚመለከተው የራሱን ዩኒቨርሲቲ ስለሆነ ለቻፒንጎ ላትከፍዪ ትችያለሽ፤ ነገር ግን ትኬት፣ ማደሪያ፣ ምግብና የጤና መድን በማን እንደሚሸፈኑ የስምምነቱን ሰነድ ራስሽ አንብበሽ አረጋግጪ። ወላጆችሽ የሚደግፉሽ ከሆነ ኤምባሲው የባንክ መግለጫቸውንና ዝምድናችሁን የሚያሳይ ማስረጃ ይፈልጋል። የሜክሲኮ የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ለውጭ ዜጎች የነፃ ትምህርት ዕድል ጥሪ ሲያወጣ የቆየ በመሆኑ ስለ ዘንድሮው ኤምባሲውን ጠይቂ። እዚያ ሠርቼ እተዳደራለሁ በሚል ስሌት ግን ጉዞ አትጀምሪ።

እናትና አባትሽ መስጋታቸው ከፍቅር የመጣ ነውና በመከራከር አትመልሺላቸው። በሜክሲኮ የወንጀል ቡድኖች ጥቃት መኖሩ እውነት ነው፤ ሁኔታው ከክልል ክልል በእጅጉ ስለሚለያይ ግን ልትነግሪያቸው የሚገባው ስለ አገሩ በጥቅሉ ሳይሆን የት እንደምታድሪ፣ በምን እንደምትጓጓዢ፣ ችግር ቢገጥምሽ ለማን እንደምትደውዪ ነው። ቻፒንጎ ተማሪዎቹን በግቢው ውስጥ በማሳደር የታወቀ ስለሆነ ለልውውጥ ተማሪም ክፍል እንዲሰጥሽ በጽሑፍ ጠይቂ። በምሽት ከመንገድ ታክሲ ከመያዝና ከመንገድ ዳር የገንዘብ ማውጫ ማሽን ከመጠቀም ተቆጠቢ፤ ከከተማ ወደ ከተማ የምትሄጂው በቀን ይሁን። የቴክስኮኮ ከፍታ ከአዲስ አበባ ጥቂት ያነሰ በመሆኑ አየሩ አያስቸግርሽም። ጿሚ ከሆንሽ የበቆሎ ቂጣውና ባቄላው በቂ ነው፤ ባቄላው ብዙ ጊዜ በአሳማ ስብ ስለሚሠራ ግን ሳትጠይቂ አትብዪ፤ ይህ ለሙስሊም እህቶቻችንም የሚጠቅም ማሳሰቢያ ነው።

ለአባትሽ ደስ የሚላቸው ከሆነ ይህንም ንገሪያቸው፦ ሜክሲኮ የኢጣሊያን ወረራ ዕውቅና ከነፈጉት ጥቂት አገሮች አንዷ ነበረች፤ የሜክሲኮ አደባባያችን ስያሜም የዚያ ወዳጅነት መታሰቢያ ነው። በሜክሲኮ ሲቲም በኢትዮጵያ ስም የተሰየመ የሜትሮ ጣቢያ በሦስተኛው መሥመር ላይ አለ፤ የዚያው መሥመር ደቡባዊ መጨረሻ የዩናም ግቢ ነው።

ስለ ጓደኛሽ አሳብ ያለኝ መልስ ጠንካራ ነው። በደቡብና በመካከለኛው አሜሪካ አቋርጠው ሜክሲኮ የደረሱ ወገኖቻችን በደቡባዊቷ ታፓቹላ ከተማ ለወራት ተይዘው መንገላታታቸው፣ በመንገድም መታገትና መዘረፍ መኖሩ የታወቀ ነው። አንቺ በዩኒቨርሲቲሽ ስም በተሰጠሽ ቪዛ ገብተሽ ብትጠፊ፣ ያልተጠናቀቀ ዲግሪሽን ከማጣትሽ በተጨማሪ ከአንቺ ቀጥሎ የሚመጡት ተማሪዎች ስምምነቱ ሊሰረዝባቸው፣ ኤምባሲውም በጥርጣሬ ሊያያቸው ይችላል። አሜሪካ ሄደሽ መማር ምኞትሽ ከሆነ ለአንቺ የቀና መንገድ አለ። እንደ ኮርኔል ያሉ ዩኒቨርሲቲዎች በስንዴ ዋግ ላይ ከኢትዮጵያ ተመራማሪዎች ጋር ለዓመታት ሠርተዋል፤ ዲግሪሽን በጥሩ ውጤት ጨርሰሽ፣ ከቻፒንጎ መምህር የድጋፍ ደብዳቤ ይዘሽ፣ በስፓኒሽና በእንግሊዝኛ ሥራሽን ማስረዳት የምትችዪ ሆነሽ ለማስተርስ ብታመለክቺ ማመልከቻሽ ክብደት ይኖረዋል። ሜክሲኮ ራሷ ከተስማማችሽም ለድኅረ ምረቃ ትምህርት የሚያገለግለው ኮሌሒዮ ዴ ፖስግራዱዋዶስ ዋናው ግቢው እዚያው ቴክስኮኮ፣ ሞንቴሲዮ ውስጥ ነው።

ለዩኒቨርሲቲሽ የመጨረሻ መልስ ከመስጠትሽ በፊት የቻፒንጎን የኮርስ ዝርዝር ከልውውጥ ቢሮው ተቀብለሽ ላኪልኝ፤ ከመውጫ ፈተናችሁ ይዘት ጋር በየኮርሱ አስተያይቼ የጎደለ ካለ እጽፍልሻለሁ።