ጥያቄና መልስ፦ በምርጫ የሚሄዱ አስፈሪ ጌሞችን ቤት ተሰብስቦ መጫወት (ጅማ)

ሌሊት ዘብ፦ ሰላም ጅማዎች። ዛሬ ስለ አንቲል ዶውን፣ ስለ ዘ ኳሪና ስለ አራት የዳርክ ፒክቸርስ ጌሞች (ማን ኦፍ ሜዳን፣ ሊትል ሆፕ፣ ሀውስ ኦፍ አሽስ፣ ዘ ዴቭል ኢን ሚ) ጠይቁኝ። ሁሉም ሱፐርማሲቭ ጌምስ የሚባል ኩባንያ ሥራዎች ናቸው፤ በሁሉም የመረጣችሁት ነገር ወይም የሳታችሁት በተን ሰው ይገድላል ወይ ያተርፋል። እንዳልደጋግመው ሁለት ነገር አስቀድሜ ልበል። ቲቪውን ጌም ሞድ (ምስሉን ሳያዘገይ የሚያሳይበት ሴቲንግ) ላይ አድርጉ። ጌሙን ጨርሶ የሚያውቅ ሰው ካለ ደግሞ አፉን ይዝጋ።

የቆጪው፦ አምስት ነን፣ ጆይስቲክ ግን አንድ ብቻ። የቱን እንጀምር?

ሌሊት ዘብ፦ አንድ ይበቃችኋል። ዳርክ ፒክቸርስ ውስጥ «ሙቪ ናይት» የሚል አለ። እስከ አምስት ሰው ስሙን ያስገባል፣ የየራሱን ገጸ ባሕርይ ይይዛል፣ ተራው ሲደርስ ጌሙ ራሱ ማን እንደሚቀበል ይናገራል። ኢንተርኔት አያስፈልገውም። በሀውስ ኦፍ አሽስ ጀምሩ። 2003 ኢራቅ፣ ከመሬት በታች የተቀበረ የጥንት ቤተ መቅደስ፣ አምስት ሰው። የመረጥኩት በታሪኩ አይደለም፤ ሦስት የክብደት ደረጃ ስላለው ነው። ጆይስቲክ ነክቶ የማያውቅ ሰው ካለ ቀላሉን አድርጉ። አስቸጋሪው ላይ በተን እስክትፈልጉ ሰው ይሞታል፣ ከዚያ «ያንተ ጥፋት ነው» ይጀመራል።

ኪቶ ፉርዲሳ፦ ዶርም ውስጥ ስምንት ነን፣ አንቲል ዶውንም ስምንት ገጸ ባሕርይ አለው። አንድ አንድ ብንከፋፈልስ?

ሌሊት ዘብ፦ እንዳትሞክሩት። አንቲል ዶውን ሲሠራ እየተቀባበሉ ለመጫወት ታስቦ አይደለም፤ ሰዓቱ እኩል አልተከፋፈለም። ሳም ወይም ማይክ የደረሰው ሌሊቱን ሙሉ ይጫወታል፣ ጆሽ የደረሰው እስከ መጨረሻው አካባቢ ቆሎ ሲቆረጥም ያመሻል። በምዕራፍ ተቀያየሩ። ምዕራፉ 10 ነው፤ ለስምንት ሰው አንድ አንድ ደርሶ የቀሩትን ሁለቱን በዕጣ። ገጸ ባሕርይ የግድ መያዝ ከፈለጋችሁ ኳሪ ዘጠኝ አለው፣ ሰዎቹን ተከፋፍሎ በአንድ ጆይስቲክ የመጫወቻ መንገድም አለው።

ኪቶ ፉርዲሳ፦ ላፕቶፕ ላይ ይሠራል?

ሌሊት ዘብ፦ የጌም ግራፊክስ ካርድ ከሌለው አይሠራም።

ቡና ረከቦት፦ አንቲል ዶውን ላይ «አትንቀሳቀስ» የሚለው ሲመጣ ሁሌ እንሞታለን። ጆይስቲኩን ጭራሽ አላንቀሳቀስኩም፣ እሱ ግን ተንቀሳቅሰሻል ይለኛል።

ሌሊት ዘብ፦ ይሄ ጥሩ ጥያቄ ነው። የፒኤስ4 (ፕሌይስቴሽን 4) ጆይስቲክ ውስጥ እንቅስቃሴ የሚለካ ሴንሰር አለ። በተን መጫንሽን ሳይሆን ጆይስቲኩ ማዘንበሉን ነው የሚያየው። ስክሪኑ ላይ የጆይስቲኩ መብራት ቅርጽ ይወጣል፣ ከተሳለው መስመር ካለፈ አለቀ። የሚያሳስቱ ነገሮች እነዚህ ናቸው።

አንደኛው ሶፋው ነው። ሦስት ሰው አንድ ሶፋ ላይ ተቀምጦ አንዱ ሲደነግጥ ስፕሪንጉ ሁላችሁንም ያነሳል። የያዘው ሰው በርጩማ ላይ ወይም መሬት ይቀመጥ፣ ክርኑን ጭኑ ላይ ያስደግፍ። ሁለተኛው ንዝረት ነው። ጆይስቲኩ ራሱ ሲነዝር እጅ ይከተለዋል፤ ከሴቲንግ ቫይብሬሽኑን አጥፊው። ሦስተኛው፣ ምልክቱ ሲመጣ ብዙ ሰው «አጥብቄ ልያዝ» ብሎ አያያዙን ይቀይራል። የሚገድለው እሱ ነው! እንደያዝሽው ተዪው፤ አጥብቆ የተያዘ እጅ የበለጠ ይንቀጠቀጣል። ትንፋሽሽን ግማሽ አውጪና ቁሚ፤ ሙሉ ስበሽ ብትይዢ ትከሻሽ ይነሳል።

ኳሪ ውስጥ ያለው ግን ሌላ ነው። እዚያ ትንፋሽ ለመያዝ በተኑን ጫን አድርገሽ ትቆያለሽ፣ አደጋው ሲያልፍ ትለቂያለሽ። ቢንቀሳቀስም ችግር የለውም። ሁለቱን አታምታቱ።

የፈረንጅ አራዳው፦ ይሄ ሁሉ ምን ያደርጋል? ጠረጴዛ ላይ ማስቀመጥ ነው። አለቀ።

ቡና ረከቦት፦ ያ ማጭበርበር ነው!

የፈረንጅ አራዳው፦ ጌሙ የፈቀደው ነገር ምኑ ማጭበርበር ነው? አትንቀሳቀስ አለ፣ ጠረጴዛ አይንቀሳቀስም።

በረካ ጠጪ፦ ከበርጫ ተነስቶ የሚመጣ ሰው ጆይስቲክ ሲይዝ ብታዩ ጠረጴዛውን ራሳችሁ ታመጡለታላችሁ።

ሌሊት ዘብ፦ ጠረጴዛው ይሠራል፣ አልክድም፤ ንዝረቱ ከጠፋ። ግን ጌሙ ውስጥ የቤቱ ሰው ሁሉ ትንፋሹን የሚይዝባት ደቂቃ እሷ ናት። እሷን ጠረጴዛ ላይ ካስቀመጣችሁ የቀረውን በዩቲዩብ እዩት። ለልጅ ወይም እጁ ለሚንቀጠቀጥ ትልቅ ሰው ይሁን፣ ለአንተ አይሁን።

ስውር፦ ጌሙ አስቸገረኝ ምን ላድርግ?

ሌሊት ዘብ፦ የቱ ጌም? በምን ላይ? ምን አደረገህ? ይህን ሳትነግረኝ አዋቂ ቤት ሂድ።

ስውር፦ ሀውስ ኦፍ አሽስ፣ ፒኤስ4። በልብ ምት ልክ በተን የሚጫንበት ቦታ ላይ በልኩ እየጫንኩ ስቷል ይለኛል።

ሌሊት ዘብ፦ እንዲህ ነው መጠየቅ። አንተ አልሳትክም፣ ቲቪህ ዘግይቷል። አዲስ ቲቪ ሁሉ ምስሉን ከማሳየቱ በፊት ያሳምረዋል፤ ማሳመሪያው ጊዜ ይበላል። ለድራማ ምንም አይደለም። ለልብ ምትና ለድንገተኛ በተን ግን አንተ የምታየው ያለፈውን ነው። ወደ ቲቪው ሴቲንግ ግባ፣ የምስል ዓይነት ከሚለው «ጌም» ምረጥ። እንቅስቃሴ ማለስለሻ የሚባለው ለብቻው ካለ እሱንም አጥፋ። አንዳንዱ ቲቪ ጌም ሞድን ለእያንዳንዱ ኤችዲኤምአይ ለየብቻ ነው የሚይዘው፤ ገመዱን ወደ ሌላ ቀዳዳ ካዛወርክ እንደገና ታደርገዋለህ።

አሁን ብዙ ሰው የማያውቀው። ድምፁን ከቲቪው በብሉቱዝ ወደ ስፒከር የምትልኩ፣ ብሉቱዝ ድምፅ ያዘገያል። ልቡ በጆሮ ሲመታና በዓይን ሲመታ ይለያያል፣ ጣት ጆሮን ይከተላል፣ ሰው ይሞታል። ስፒከሩን በገመድ አገናኙ፣ ወይም የቲቪውን ድምፅ ተጠቀሙ። ፕሮጀክተር የምትከራዩም እንዲሁ ጌም ሞድ እንዳለው ሳትጠይቁ አትክፈሉ።

ለመፈተን፦ አንዱ ጣቱንና ስክሪኑን አብሮ እያየ ሜኑ ላይ ወደ ታች ወደ ላይ ይጫን። ጣቱ ከተጫነ በኋላ ምልክቱ ሲከተል በዓይን ከታየ ብዙ ዘግይቷል ማለት ነው።

የቆጪው፦ ክረምት ላይ ደግሞ ቆርቆሮው ላይ ሲዘንብ ምንም አይሰማም።

ሌሊት ዘብ፦ የጽሑፍ ትርጉሙን ክፈቱ፣ ፊደሉን ከአማራጮቹ ውስጥ አተልቁ። የጅማ ዝናብ በድምፅ መጨመር አይሸነፍም።

ኤልፎራ፦ የቱን እንጀምር?

ሌሊት ዘብ፦ ከላይ ተመልሷል።

ሀመልማል፦ እናቴ መጫወት ትፈልጋለች ግን እንግሊዝኛ አትሰማም። ምርጫው ደግሞ ሰዓት ይቆጥራል። እንዴት ይሆናል?

ሌሊት ዘብ፦ አስተርጓሚ አስቀምጪላት፣ ከጎኗ እንጂ ከኋላዋ አይሁን። የአስተርጓሚው ሥራ ሁለት ነው። ምርጫ ሲመጣ እያንዳንዱን በአንድ ቃል ብቻ ይናገራል፦ «ሩጪ ወይ ተደበቂ»፣ «ተናገሪ ወይ ደብቂ»። የራሱን አስተያየት አይጨምርም። ሙሉውን ዐረፍተ ነገር ለመተርጎም ከሞከረ ጊዜው ያልቃል። በአማርኛም ይሁን በኦሮምኛ፣ እሷ ቶሎ በሚገባት። ዳርክ ፒክቸርስ ላይ ንግግሩ በልብና በአእምሮ ምልክት ስለሚከፈል በጣም ይቀላል፤ «ከልብ ነው ወይስ ከጭንቅላት?» ብሎ መጠየቅ ብቻ ነው። እናቶች ይሄን ከእኛ ቶሎ ነው የሚይዙት።

ሁለተኛ፣ ጊዜው ቢያልቅባትም አትጩሁባት። ዳርክ ፒክቸርስ ላይ ዝም ማለት ሦስተኛ ምርጫ ነው፣ ጌሙ እንደ መልስ ይቆጥረዋል። ጠመንጃ ተደቅኖ «ተኩስ» ሲመጣም አለመጫን ትክክል የሚሆንበት ጊዜ አለ። ሁሌ የሚጫን ሰው ሁሌ አይተርፍም።

በተኖቹን ከመጀመራችሁ በፊት አስጠኗት፦ ኤክስ፣ ኦ፣ ካሬ፣ ትሪያንግል የት የት እንዳሉ ሳታይ እስክታገኛቸው። አሥር ደቂቃ ይበቃል።

የልጆች አባት፦ ቤታችን ሁሉም በአንድ ላይ ይጮሃል፣ አንዱ ግራ አንዱ ቀኝ። በመጨረሻ እኔ አባት ነኝና እኔ ያልኩት ይመረጣል። እንዲህ ከሆነ ምኑን ተጫወቱት ይሉኛል።

ሌሊት ዘብ፦ ልጆቹ እውነታቸውን ነው፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ጆይስቲኩን የያዘ ሰው ይመርጣል፣ ሌላው ይመክራል፤ ሕጉ ይሄ ነው። እርስዎ ተራዎ ሲደርስ የራስዎን ሰው እንደፈለጉ ያድርጉት። በድምፅ ብልጫ መወሰን ከፈለጋችሁ ሰዓቱ አያደርሳችሁም፤ እጅ ሲቆጠር ሰውየው ተበልቷል።

በረካ ጠጪ፦ እኛ ቤት ትልቅ ሰው እያለ ትንሽ አይመርጥም። ይሄ ነውር ነው።

ሀመልማል፦ ጌም ውስጥ የምን ነውር ነው? ትልቁ ሰው ራሱ ገና ሁለተኛው ትዕይንት ላይ ገደላቸው።

ሌሊት ዘብ፦ ይሄን ሽማግሌ ጋ ውሰዱት።

የልጆች አባት፦ ትንሿ 9 ዓመቷ ነው፣ ትቀመጥ?

ሌሊት ዘብ፦ አይሆንም። ሳጥኑ ላይ 18 የሚለው ለጌጥ አልተጻፈም።

የፈረንጅ አራዳው፦ እኛ በጅብ ተረት አይደል ያደግነው? ምን ሆንን?

ቡና ረከቦት፦ እስካሁን ማታ ብቻህን ውጭ ትወጣለህ? መልሱ እሱ ነው።

የፈረንጅ አራዳው፦ የምፈራው ውሻ ነው እንጂ ጅብ አይደለም።

ሌሊት ዘብ፦ ወደ ጌሙ።

ኪቶ ፉርዲሳ፦ የምንወደው ሰው ሞተብን። መመለስ ይቻላል?

ሌሊት ዘብ፦ ጌሙ ራሱ ሴቭ ያደርጋል፣ በላዩ ላይ ይጽፋል። ኳሪ ላይ ሦስት ጊዜ ሞትን መመለስ ይቻላል፣ ግን በመደበኛው ቅጂ የሚከፈተው አንዴ ከጨረሳችሁ በኋላ ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ የምትጫወቱ ከሆነ ተዉት፣ ሞቷል። ኳሪ 186 መጨረሻ አለው፤ እናንተ ያበላሻችሁትም ከእነሱ አንዱ ነው። የሞተበት ሰው አስተርጓሚ ወይም ቡና አቅራቢ ይሁን።

ኤልፎራ፦ አንቲል ዶውን ላይ የሚገኙት ቶተሞች (ሲነሱ ሊመጣ የሚችለውን በምስል የሚያሳዩት ቅርጾች) ይጠቅማሉ?

ሌሊት ዘብ፦ ይጠቅማሉ። ጥቁር ያነሳው ሰው ሞት፣ ቡናማ የጓደኛ ሞት፣ ቀይ አደጋ፣ ነጭ መመሪያ፣ ቢጫ መልካም ዕድል። ምስሉ ጥቂት ሰከንድ ብቻ ስለሆነ ሲታይ ማንም አያውራ። ጌሙን የሚያውቀው ደግሞ «አሃ» እንኳ አይበል። ነግሬያችኋለሁ።

የቆጪው፦ መሐል ላይ መብራት ቢሄድስ? እዚህ ሰፈር በሳምንት ስንቴ…

ሌሊት ዘብ፦ ሴቭ የሚያደርግበት ምልክት እየዞረ ሳለ ከሄደ ፋይሉ ሊበላሽ ይችላል። ሌላ ጊዜ ከሄደ መጨረሻ ሴቭ ወዳደረገበት ይመልሳችኋል። ፒኤስ4 ሲነሳ ስቶሬጁን ልፈትሽ ይላል፤ ይፈትሽ፣ አታቋርጡት። ከእያንዳንዱ ማታ በኋላ ሴቩን ወደ ፍላሽ ገልብጡ፦ ሴቲንግ፣ የአፕሊኬሽን ሴቭ ዳታ፣ ሲስተም ስቶሬጅ፣ ወደ ዩኤስቢ ገልብጥ። ፒኤስ5 ላይ ይሄ የሚሆነው ለፒኤስ4 ጌም ብቻ ነው፤ የፒኤስ5 ጌም ሴቭ ወደ ፍላሽ አይገለበጥም። ሬስት ሞድ ላይ ትታችሁ አትተኙ፣ ሙሉ በሙሉ አጥፉት። ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ በባትሪ የሚያቆየው) ካላችሁ ኮንሶሉንና ቲቪውን ብቻ ሰኩበት። የቡና ማፍያውን ምድጃ እዚያው ዲቫይደር ላይ የሚሰካ ሰው አይጠፋም፤ ያኔ መብራት ሳይሄድም ዩፒኤሱ ይጠፋል።

በረካ ጠጪ፦ አዲስ አበባ ካለው ወንድሜ ጋር በኔትወርክ?

ሌሊት ዘብ፦ ዳርክ ፒክቸርስ ለሁለት ሰው ይሆናል። ኳሪ ላይ እስከ ሰባት ጓደኛ ድምፅ ይሰጣል። የኔትወርኩን ነገር ለቴሌ።

ስውር፦ ሊትል ሆፕ መጨረሻ ላይ ያ ሰውዬ ማን ነው?

ሌሊት ዘብ፦ አልመልስም። ለምን እንደማልመልስም መጀመሪያ ላይ ተጽፏል።

ስውር፦ እሺ። ቲቪዬ ግን ጌም ሞድ የለውም፣ አሮጌ ነው።

ሌሊት ዘብ፦ የግብዓቱን ስም ወደ «ፒሲ» ቀይረው። ኤችዲኤምአይ የሚለውን መርጠህ ስም መቀየሪያውን ክፈት፣ ፒሲ በለው። ብዙ ቲቪ ላይ ይሄ ብቻውን ማሳመሪያውን ያጠፋል። ካልሆነ የምስል ማጽጃውንና ማለስለሻውን አንድ በአንድ ዜሮ አድርግና ሜኑ ላይ በጣትህ ፈትነው። የልብ ምቱን እንደገና ሳትሞክር «አልሠራም» ብለህ እንዳትመለስ።